«አትጠብቅ» የሚል ትእዛዝ

መጀመሪያ የተገናኙት ደረጃ ላይ ነው፤ የተገናኙትም በጠብ ነው።

ሊፍቱ ተበላሽቶ ነበር። እሷ የራሷን ወንበር አቅፋ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ትወጣለች፤ እሱ በስልክ እየተጨቃጨቀ ይወርዳል። ጠባቡ መታጠፊያ ላይ የወንበሩ እግር የኮቱን ኪስ ያዘው። እሱ ተናዶ ሳብ አደረገ። ኪሱ ተቀደደ።

«አንቺ ደሞ የቤት ዕቃ ተሸክመሽ የምትዞሪው ምን ሆነሽ ነው?»

«አንተስ ዓይንህን ስልክህ ውስጥ ቀብረህ የምትወርደው ምን ሆነህ ነው?»

«ወንበር በየመሥሪያ ቤቱ ይሰጣል፤ አልሰማሽም?»

«ወንበር ይሰጣል፤ ወገብ ግን አይሰጥም። አሁን ዘወር በልልኝ፣ ከብዶኛል።»

ዘወር አላለም። እሷም አንዲት ደረጃ ወደ ኋላ አልተመለሰችም። ከታች ባልዲ ይዛ የምትወጣ የጽዳት ሠራተኛ «ኧረ በፈጠራችሁ! ወይ ውጡ ወይ ውረዱ!» ባትላቸው ኖሮ ምናልባት እዚያው ይመሽባቸው ነበር። እሱ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ፤ እሷ ወንበሯን እየጎተተች አለፈች። ስታልፍ ዓይን ለዓይን ተያዩ። የሁለቱም ዓይን «ሁለተኛ አያገናኘን» ይል ነበር።

ሳይውል ሳያድር ተገናኙ። እንዲያውም ሻይ እስኪፈላ ያህል እንኳ አልቆየም።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያለው መሥሪያ ቤት ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ነው። እንጀራው የተመሠረተው በአንድ ፕሮግራም ላይ ነበር። ሰው ለአምቡላንስ ሲደውል ፕሮግራሙ ጥሪውን ተቀብሎ ለስልክ ሠራተኞች ያከፋፍላል፤ አድራሻውን ስክሪን ላይ ያወጣል፤ ንግግሩንም ፋይል ላይ ይቀዳል። ፕሮግራሙን ገና ተማሪ ሳለ ብቻውን የጻፈው ያ ኮቱ የተቀደደበት ሰው ነው። ባልደረቦቹ ግማሽ በአድናቆት፣ ግማሽ በሽሙጥ «ሊቁ» ይሉታል።

የድርጅቱ ባለቤት ታላቅ እህቱ ናት። ሁሉም «እትዬ» ይላታል፤ እሱም ጭምር። ወላጆቻቸው ሲሞቱ ትምህርቷን አቋርጣ፣ ሆቴል እንግዳ እየተቀበለች፣ ልብስ እየሰፋች ያሳደገችው እሷ ናት። ሰው ፊት አትስቅም። ሲከፋት ድምፅዋ ይወፍራል፤ ስትደሰት ደግሞ የሚያውቅ የለም።

ሊቁ ኮቱን ይዞ ወደ ቢሮዋ ሲመለስ ባለወንበሯን ሴት እዚያው ቆማ አገኛት።

«ይቺ ከዛሬ ጀምሮ እኛ ጋ ትሠራለች» አለች እትዬ። «ጥሪ ሲበዛ ስክሪኖቹ ድርቅ እንደሚሉ የአምቡላንሱ የስልክ ክፍል ኃላፊ በተደጋጋሚ አቤት ብላለች። ይቺ ኮድህን ታየዋለች።»

«የኔን ኮድ?»

«ያንተን።»

«ኮዱ ምንም የለበትም፤ ኮምፒውተሮቻቸው ናቸው የሞቱት።»

ሴትዮዋ «ምንም ከሌለበት ማየቴ አይጎዳህም» አለች።

የዚያኑ ሳምንት ስም ወጣላት፤ «እሾህ»። ስሙን ያወጣው ማን እንደሆነ ባይነገርም ሁሉም ያውቀዋል። እሷም ስትሰማ አልከፋትም። «እሾህ የሚወጋው የረገጠውን ነው» አለችና ሥራዋን ቀጠለች።

ከዚያ በኋላ ቢሮው የጦር ሜዳ ሆነ። እሱ ሲገባ እሷ የጆሮ ማዳመጫዋን ትሰካለች። እሷ ጥያቄ ስትጠይቅ እሱ መልሱን ለግድግዳው ይነግረዋል። መስኮት ስትከፍት ይዘጋል፤ ሲዘጋ ትከፍታለች። በመካከላቸው የተቀመጠው ሒሳብ ሠራተኛ ጉንፋን ያዘውና ጠረጴዛውን ወደ ኮሪደሩ አዛወረ።

አንድ ቀን በስብሰባ ላይ፣ ሁሉም ባለበት፣ እሾህ ተነሳች።

«ችግሩን አግኝቼዋለሁ። የመቅጃ ፋይሉን ስትከፍት ‹አትጠብቅ› የሚል ምልክት ሰጥተኸዋል» አለችው።

«አዎ። ስለዚህ ፕሮግራሜ ማንንም ቆሞ አይጠብቅም።»

«ለስልክ መስመሩ ልክ ነህ። ከመስመሩ የሚመጣ ነገር ካልደረሰ የኮምፒውተሩ ሲስተም ‹ገና ነው፣ ሌላ ሥራህን ሥራ› ይልሃል። ፋይል ላይ ግን ምልክቱ አይሠራም። ሲስተሙ እሺ ብሎ ይቀበልህና ችላ ይለዋል። ዲስኩ ሥራ ከበዛበት ትሬድህ እዚያው ተገትሮ ይቀራል። እሱ የያዛቸው ጥሪዎች ሁሉ አብረውት ይገተራሉ።»

ትሬድ ማለት በፕሮግራሙ ውስጥ ሥራ ተቀብሎ የሚሮጥ አንድ ሠራተኛ እንደማለት ነው። ሊቁ ጥቂት ትሬዶች ለብዙ ጥሪ እንዲበቁ አድርጎ ነበር የጻፈው፤ የሚኮራውም በዚያ ነበር። ግን ከነዚያ ጥቂቶች አንዱ «ይህን ድምፅ ጻፍልኝ» ብሎ ዲስኩ ደጃፍ ላይ ከቆመ፣ አድራሻ የሚጠብቀው፣ መስመር የሚጠብቀው ሁሉ ቆመ ማለት ነው።

«በሬ ወለደ!» አለ ሊቁ።

እሾህ መሞከሪያውን ኮምፒውተር ወደ ሰዎቹ አዞረች። ዲስኩን ሆን ብላ በሌላ ሥራ አጨናነቀችውና የመሞከሪያ ጥሪዎችን ለቀቀች። ስክሪኑ ላይ ይሮጡ የነበሩት መስመሮች አንድ በአንድ ቆሙ። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የአየር ማቀዝቀዣው ብቻ ሆነ።

«ዲስኩን አንገቱን አንቀሽ ይዘሽ ‹ለምን አይተነፍስም› ትያለሽ?» ብሎ ወንበሩን ገፍቶ ወጣ። ከወጣ በኋላ ግን ኮሪደሩ ላይ ቆመ። ፊቱ እንደ ከሰል ነበር። ልክ እንደሆነች ልቡ ነግሮታል፤ ያናደደውም ይኸው ነው።

እሾህ ማስተካከያዋን ጻፈች። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የዲስክን ሥራ ብቻ የሚሠሩ ሌሎች ትሬዶች ለብቻቸው ይኑሩ። ጥሪ የሚያስተናግዱት ድምፁን ወረፋ ላይ አስቀምጠው ወዲያው ወደ ሥራቸው ይመለሱ። የዲስክ ሠራተኞቹ ቢቆሙም እነሱ ብቻ ይቁሙ። ሞከረችው። ዲስኩ ሲጨናነቅ ስክሪኑ አልደረቀም። ሰው ሁሉ አጨበጨበላት። ሊቁ አላጨበጨበም።

በማግሥቱ ሁሉም ሻይ ይዞ በተሰበሰበበት ሰዓት ሊቁ ድምፅ ማጉያ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ትናንት የተቀዳውን የመሞከሪያ ጥሪ እንስማው እስቲ» አለ።

የተቀዳው የእሾህ የራሷ ድምፅ ነበር። ስትቀዳው ያለችው «ልጄ ወድቃ አትተነፍስም፤ በሩ ቀይ ነው፤ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ» ነው። ከድምፅ ማጉያው የወጣው ግን ሌላ ነው።

«በሩ አትተነፍስም... ልጄ ቀይ ነው... ከትምህርት ቤቱ ወድቃ... ጀርባ...»

ቢሮው በሳቅ ፈነዳ። የአንዱን ጥሪ ቁርጥራጭ የተለያዩ ሠራተኞች ተሻምተው፣ ኋላ የመጣውን ቀድመው ጽፈውታል። ከሁሉም አስበልጦ የሳቀው ሊቁ ነው። ደግሞ አጫወተው።

እሾህ አልተነቃነቀችም። ከንፈሯ ብቻ ነጣ። ሳቁ ሲረግብ በዝግታ «ይህን የምትሰማው የልጅቷ እናት ብትሆን እንዲህ ትስቁ ነበር?» አለች።

ሳቁ በረደ። ሊቁ ድምፅ ማጉያውን አጠፋ። ቀና ሲል ዓይኗን አየው፤ ዕንባ ሞልቶታል፣ አልፈሰሰም። እንዳይፈስ የምታደርገውን ትግል ሲያይ ማጉያውን አንስቶ ወጣ። ያን ቀን ምሳውን አልበላም።

በነጋታው ጠዋት ጠረጴዛዋ አጠገብ መጥቶ ቆመ። እሷ ቀና አላለችም።

«የአንድን ጥሪ ቁርጥራጭ ሁሉ አንድ የዲስክ ሠራተኛ ብቻ ይያዘው» አለ። «ሌላ አይንካበት። ያኔ ተራው አይዛባም።»

«ይህን ትናንት ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«አናደሽኝ ስለነበር ነዋ።»

ቀና ብላ አየችው። በሕይወቷ እንዲህ ቁልጭ ያለ ሐቅ ከማንም ሰምታ አታውቅም። ልትስቅ ምንም አልቀራትም፤ ግን ጥርሷን ነክሳ «እሺ፣ አሁን ብርሃኑን ከልለኸኛል፤ ሂድ» አለችው።

በዚያው ወር፣ ማስተካከያው ገና ሳያልቅ፣ የስልክ ክፍሉ ኃላፊ እንደገና አቤት አለች። እትዬ ሁለቱንም ላከቻቸው። አውቶቡስ ውስጥ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ተቀመጡ።

ኃላፊዋ ጸጉሯ የሸበተ ነርስ ናት። በመስታወት የተከፋፈሉ ጠረጴዛዎች ወዳሉበት አዳራሽ አስገባቻቸውና «ዛሬ ሰማዩ ጠቁሯል፤ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ» አለቻቸው።

ቀትር ላይ ዝናቡ ወረደ። ዝናብ ብቻም አይደለም፤ በረዶና ነፋስ። መንገዱ ጎርፍ ሆነ፤ መኪና ከመኪና ተጋጨ፤ ግንብ ተናደ። ስልኮቹ በአንዴ መጮህ ጀመሩ። ከዚያ ስክሪኖቹ ድርቅ አሉ።

ሊቁ ፕሮግራሙን በዚህ ሁኔታ አይቶት አያውቅም። ለሱ ፕሮግራሙ ሁልጊዜ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ያለ ኮድ ነበር። አሁን አጠገቡ የተቀመጠች ወጣት የስልክ ሠራተኛ የደረቀ ስክሪን ላይ አፍጥጣ «አንዴ ይጠብቁኝ... አንዴ ይጠብቁኝ አባቴ... እባክዎ አይዝጉ» ትላለች። ከጆሮዋ ማዳመጫ የአንድ ሽማግሌ ልቅሶ ይሰማል።

እሾህ ዘላ ተነሳች። ከማተሚያው ላይ ባዶ ወረቀት አፍሳ ለየጠረጴዛው በተነች። «አድራሻውን በቃል ጠይቁ! ጻፉና ስጡኝ!» ብላ ጮኸች። የተጻፈውን እየተቀበለች አምቡላንስ ወደሚያሰማሩት ሰዎች መሮጥ ጀመረች። አንድ ጊዜ ስትመለስ ሊቁን በቆመበት አገኘችው።

«ምን ትገተራለህ? ሩጥ!»

ሮጠ። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ሁለቱም በዚያ አዳራሽ ውስጥ ወረቀት እያመላለሱ ሮጡ።

ሁሉም ሲረጋ ነርሷ መጣች። «ለሽማግሌው ሚስት ደርሰንላታል፤ ተርፋለች» አለች። ቀጥላም ሁለቱን አፈራርቃ እያየች «የዛሬዋ ተርፋለች» አለች። ሌላ ሳትጨምር ሄደች።

ውጭ በረንዳው ላይ ቆሙ። ጎርፉ በረንዳውን ስለሸፈነ ጫማቸው ውስጥ ውሃ ገብቷል። ሊቁ እጁ ላይ የቀረውን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። እሷ አልወጋችውም፤ ያን ጊዜ ልትወጋው ትችል ነበር።

«ነይ፣ እንጨርሰው» አለ በመጨረሻ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አብረው ሠሩ። ጠቡ ቀረ ማለት ግን አይደለም። እንዲያውም ባሰ፤ አሁን የሚጣሉት ጎን ለጎን ተቀምጠው ነዋ።

ትልቁ ጠብ የወረፋው ነገር ነበር። እሷ ወረፋው ወሰን ይኑረው አለች፤ እሱ አይኑረው አለ።

«ወሰን ከሌለው ዲስኩ ቀርፋፋ በሆነ ቁጥር ወረፋው ያብጣል። ሜሞሪው ይሞላና ፕሮግራሙ እንዳለ ይወድቃል።»

«ወሰን ካለውስ ሲሞላ ምን ልትሆኚ ነው? ጥሪ ልትመልሺ?»

«ጥሪ አልመልስም።»

«ታዲያ?»

«ቅጂው ይቅር፤ ሰውየው ይዳን። ይህን ያህል ድምፅ ሳይቀዳ እንደቀረ ግን ፋይሉ ላይ በግልጽ ይታይ። ተደብቆ አይቅር።»

ሊቁ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ። ዘወር ስትል እያያት ነው። ደረጃ ላይ ያየችው ዓይን አልነበረም።

«ምን ታፈጣለህ?»

«አላፈጠጥኩም።»

«አፍጥጠሃል።»

«እሺ አፍጥጫለሁ። ካንቺ ጋር ያልተጣላሁበት ቀን የባከነ እየመሰለኝ ነው። ቅዳሜና እሑድ አይገፋልኝም።»

እሾህ ኪቦርዱ ላይ ያሉ ጣቶቿ የትኛውን ፊደል እንደሚፈልጉ ጠፋቸው።

«ይሄ ፍቅር ከሆነ በሽታ ነው» አለች።

«ታዲያ አንቺ ለምን ቀላሽ?»

«መስኮቱን ስለዘጋኸው ሞቆኝ ነው!»

መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ሁለቱም አዩት። መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት።

ሥራውም ወደ ማለቁ ተቃረበ። ያን ጊዜ ነው እትዬ የሰማችው። የሰማችው ሁለቱንም ነገር ነው፤ ማስተካከያውን ከሊቁ አፍ፣ ፍቅሩን ከሠራተኞቹ።

ቢሮዋ አስጠራቻቸው። ከጠረጴዛዋ አልተነሳችም።

«ከአምቡላንሱ መሥሪያ ቤት ጋር ያለን ውል ሊታደስ ነው» አለች። «ውሉ እስኪፈረም ድረስ ከዚያ ፕሮግራም ላይ አንዲት ፊደል አትነካም። ‹ቀየርነው› ካልን ‹ለካ ስህተት ነበረበት› ይሉናል። ውሉ ከሄደ ይህ ሁሉ ሠራተኛ ጎዳና ይወጣል።»

«የዝናቡ ወቅት እየገባ ነው» አለች እሾህ። «ውሉ እስኪፈረም ዝናቡ አይቆይልንም። አንድ ሰው...»

«እኔ እዚህ ስብከት አልጠራሁም!»

«እትዬ፣ አንድ ጊዜ ያዳምጡኝ፤ ችግሩ እኮ...»

«የማዳምጠው ነገር የለኝም!» ድምፅዋ ወፈረ፤ የውጪው ቢሮ ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። «አንቺን የቀጠርኩሽ ኮድ እንድታዪ ነው እንጂ ወንድሜን እንድታዪ አይደለም። ይህን ልጅ ያሳደግሁት ወንበሯን ተሸክማ ከየትም ለመጣች ሴት አይደለም! እሱ ከዚህ በፊት በኔ ላይ ድምፁን አንስቶ አያውቅም። አሁን አንቺ ያጎረስሽውን እያኘከ ይመጣብኛል።»

እሾህ ወደ ሊቁ ዞረች። አንዲት ቃል ትበቃት ነበር፤ «ተዪ» ቢል፣ «ልክ ናት» ቢል። እሱ ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተክሎ ቆመ።

«ገባኝ» አለች። ለማን እንዳለች አልታወቀም።

ወንበሯን ተሸክማ ወጣች። ሊፍቱ ተጠግኖ ነበር፤ እሷ ግን በእግሯ ወረደች።

ቤቷ የሚጠብቋት አባቷ ናቸው። ዕድሜያቸውን በከተማ አውቶቡስ ሹፌርነት የጨረሱ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ሰው ሲሳሳት «ፍሬን ያዝ!» የሚሉ ሰው ናቸው። ወንበሩን ሲያዩ ነገሩ ገባቸው።

«ተጣላሽ?»

«ተባረርኩ። ራሴን አባረርኩ መሰለኝ።»

«ያ ነጋ ጠባ የምታሚው ልጅስ?»

«ቆሞ ሰማኝ፣ አባዬ። ስሰደብ ቆሞ ሰማ።»

አባቷ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄን በሰው ፊት አሰድቦ ዝም ያለ ሰው ደጄን እንዳይረግጥ» አሉ። «ከረገጠም በዚህ ምርኩዝ ነው የምሸኘው።» ያን ቀን አልቀለዱም።

ሊቁ ከዚያ ወዲያ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ዋለ እንጂ አልሠራም። ጸጥታውን እንደሚወደው ያስብ ነበር። አሁን መስኮቱን የሚከፍት ጠፋ፤ እሱም የሚዘጋው ጠፋ። ሰማዩ በዳመነ ቁጥር ያች የስልክ ሠራተኛ ልጅ «አይዝጉ አባቴ» ስትል ይሰማዋል።

አንድ ቀን ከእህቱ ጋር ምሳ እየበሉ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«እትዬ፣ ፕሮግራሙን ላስተካክለው ነው።»

«ተነጋግረን ጨርሰናል።»

«አልተነጋገርንም፤ አንቺ ተናገርሽ። ስጽፈው ልጅ ነበርኩ፤ አላወቅኩም። አሁን አውቃለሁ። ይህን እያወቅኩ ዝናብ ሲመጣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ልተኛ ነው?»

«ለኔ ስትል ተኛ!» አለች። «እኔ ላንተ ስል ስንት ነገር ትቻለሁ! አንድ ነገር ብለምንህ፣ አንድ!»

«ነፍስ ነው የምትለምኚኝ፤ የኔ ያልሆነ ነፍስ። እሷንም ስትሰድቢያት ዝም ያልኩት አንቺን አክብሬ መስሎኝ ነበር። ፈርቼሽ ነው።»

እትዬ ተነሳች። ፊቷ ድንጋይ ሆነ። «በዚህ በር ከወጣህ እህት የለህም።»

ሊቁ ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ወጣ። ደረጃው ላይ ሆኖ ስሙን ትጠራ እንደሆነ ጆሮውን ጣለ። አልጠራችውም።

በቀጥታ የሄደው ወደ ነርሷ ነው፤ ስህተቱ የት እንዳለና እንዴት እንደሚስተካከል ሳይሸፋፍን ነገራት። ከነርሷ ቢሮ ወደ እሾህ ቤት ሄደ። በሩን የከፈቱት አባቷ ናቸው።

«ማን ልበል?»

«ዝም ያልኩት ሰው ነኝ።»

ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች አዩት። ምርኩዛቸው በእጃቸው ነው። «እና ዛሬ አፍህን ማን ፈታው?»

እሾህ ከውስጥ ድምፁን ሰምታ መጣች። እጇን አጣምራ ቆመች።

«ይቅርታ ልትጠይቅ ከሆነ ጊዜ የለኝም» አለች።

«ይቅርታውን ዕድሜ ልኬን እጠይቅሻለሁ። አሁን የመጣሁት ለሌላ ነው። ወረፋ ላይ አስቀምጠን ከሄድን በኋላ ዲስኩ ‹አልቻልኩም› ቢል ማን እንደሚሰማው አልጨረስንም። ጥሪውን የያዘው ትሬድ ሄዷል። ስህተቱ በዝምታ ይቀራል።»

እሾህ ፊቷን አላላላችም። ጥያቄው ግን ከሄደች ጀምሮ ሲከነክናት የኖረ ነው።

«መልሱ ወደ ጥሪው ይመለስና የስልክ ሠራተኛዋ ስክሪን ላይ ይታያታል» አለች። «እህትህስ?»

«ነግሬያታለሁ። ነርሷ ጋም ሄጃለሁ፤ ዝናቡ ሳይገባ እንዲስተካከል ለእትዬ በደብዳቤ ታዛለች። አንቺ ከሌለሽ ግን አልነካውም ብያታለሁ።»

«በኔ ፊት ይህን ብለህ ቢሆን ኖሮ...»

«አዎ» አለ። «አዎ። አውቃለሁ።»

አባቷ አንዴ ልጃቸውን፣ አንዴ እንግዳውን አዩ። በኋላ ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

«ይግባ» አሉ። «ግን ቁጭ አይበል።»

ቆሞ ነው የሠራው፤ እውነታቸውን ነበር። መቀመጥ የተፈቀደለት አባቷ ራሳቸው መቆሙን ማየት ሲደክማቸው ነው።

እትዬ የነርሷን ደብዳቤ ስታነብ እምቢ ማለት አልቻለችም፤ ጥርሷን ነክሳ ፈቀደች። ሁለቱ አንድ ፀሐያማ ጠዋት ወደ ስልክ ክፍሉ ሄደው አዲሱን ሥራ አስገቡ። ዲስኩን እስኪያቃስት ድረስ አጨናነቁት። ጥሪው ይገባል፤ አድራሻው ይወጣል፤ ስክሪኑ አልደረቀም። የተቀዳውንም አዳመጡት፤ ልጅቷ ልጅ ነበረች፣ በሩም በር ነበር።

የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ በመጣ ጊዜ ሁለቱም ሳይጠሩ እዚያ ተገኙ። ስልኮቹ ጮኹ። ወረቀት የነካ ሰው አልነበረም። ሊቁ ግድግዳው ሥር ቆሞ የእሾህን እጅ ያዘ፤ እሷም ሳትስበው ተወችው።

ውሉ ታደሰ። እትዬ ግን ሁለቱንም አባረረቻቸው። «ከኋላዬ የሄደ ከፊቴ አይቆምም» አለች። ሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ አገኙ፤ ሁለት ክፍል ቤት ተከራዩ። በማዘጋጃ ቤት ተፈራርመው ሲጋቡ ነርሷና አባቷ ምስክር ሆኑ። ሊቁ ለእህቱ ሰው ልኮ ነበር። አልመጣችም። ፊርማው ላይ እስክሪብቶውን ይዞ ወደ በሩ ሲያይ እሾህ አይታዋለች።

ጊዜ አለፈ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሊቁ ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ በሩ ተንኳኳ። እሾህ ስትከፍት እትዬ ቆማለች። ካፖርቷን አላወለቀችም፤ ተቀመጪ ስትባልም አልተቀመጠችም።

«ለዕርቅ አይደለም የመጣሁት።»

«እኔም አልመሰለኝም» አለች እሾህ።

«አዲሶቹ ልጆች ያን የሠራችሁትን ሊያወጡት ይፈልጋሉ። ‹ይህ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርጋል? በቀጥታ ፋይሉ ላይ ይጻፍ፣ ኮዱ ያጥራል› ይሉኛል። እኔ ኮድ አላነብም። ለምን መነካት እንደሌለበት እኔ በሚገባኝ አፍ ንገሪኝ።»

እሾህ ትንሽ አሰበች።

«መድኃኒት ቤት ሄደዋል እንበል። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት መድኃኒቱን ለማምጣት ራሷ መጋዘን ብትወርድ ሰልፉ ሁሉ ይቆማል። ፊት ያለው ራሱን ያመመው ይሆናል፤ ሦስተኛው ግን ደም የሚፈሰው ነው። መጋዘን የሚወርድ ሌላ ሰው ካላት ግን እሷ ከመስኮቱ አትነሳም። እኛ የጨመርነው መጋዘን የሚወርደውን ሰው ነው። ልጆቹ የሚሉዎት ‹እሱን እናባርረው፣ ቤቱ ጠቦናል› ነው።»

የእትዬ ዓይን መስኮቱ ላይ ነበር።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ያን ቀን እንዲህ አድርገሽ አትነግሪኝም ነበር?»

«ልነግርዎት ጀምሬ ነበር። እየጮኹብኝ ነበር።»

እትዬ የካፖርቷን ቁልፍ ነካካች። የተቆለፈውን ፈትታ መልሳ ቆለፈችው።

«አያወጡትም» አለች። «ግን አሁንም አልወድሽም።»

«አውቃለሁ።»

ወደ በሩ ሄደች። እጀታውን ይዛ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። ድምፅዋ እንደወፈረ ነው።

«ሲታመም አይናገርም» አለች። «ከልጅነቱ ጀምሮ ነው። ዝም ካለ የተናደደ እንዳይመስልሽ። ጠጋ ብለሽ ግንባሩን ንኪው።»

መልስ ሳትጠብቅ ወጣች።

ሊቁ ዳቦውን ይዞ ሲመለስ እሾህ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ቀርባ መዳፏን ግንባሩ ላይ አደረገች፤ አልቸኮለችም።

«ምን ሆነሻል?» አለ። «ደህና ነኝ እኮ።»

«አውቃለሁ። እህትህ መጥታ ነበር» አለች። «ደህና ስትሆን ምን ያህል እንደሚሞቅ ማወቅ ፈልጌ ነው።»